አንድ አፍ፣ ሁለት «እኔ»

ሐሚልተን። የካቲት። ከምድር በታች ያለ ክፍል፤
በረዶው መስኮቴን እስከ ወገቡ ውጦታል።
ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ እጄ ላይ እርሳስ፣
ሥራዬ የሰውን ቃል ከዳር ዳር ማድረስ።
ደንቡ አጭር ነው፦ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣
«እሱ አለ» አትበዪ፤ «እኔ» በዪ፤ ራስሽን እርሺ።

ጥሪው ከጤና ቢሮ ነው። ነርሷ ዶሪን ትባላለች፣
አትቸኩልም፤ ቃሏን እንደ ጠብታ ትመዝናለች።
ከወዲያ አቶ ንጋቱ፣ የከባድ መኪና ሾፌር፤
ከጀርባው ሞተር ያጉረመርማል፣ ቆሞ በመንገድ ዳር።
የሰባት ዓመት ልጁ ሶስና፣ ካርዷ ባዶ ነው፤
ሰኞ ክፍል አትገባም፣ ደብዳቤው የሚለው።

«እኔ» አልኩ፣ ዶሪንን ሆኜ፣
«ሕጉን አልጻፍኩትም። የማስፈጽመው ግን እኔ ነኝ።
ልጅዎ ካልተከተበች ለሃያ ቀን ትታገዳለች።»

«እኔ» አልኩ፣ ንጋቱን ሆኜ፣
«ካምፕ ውስጥ አሰልፈው ክንዴን ሲወጉኝ
ስሜን የጠየቀ፣ ምን እንደሆነ የነገረኝ
አንድም ሰው አልነበረም።
እዚህ ግን ሐኪም ቤት ስገባ
‹ሳትፈርም አንነካህም› አላችሁኝ። ደስ አለኝ።
ታዲያ የልጄ ክንድ
ከመቼ ወዲህ ነው የመንግሥት የሆነው?»

ክትባት።
ይህን ቃል ባሻገርኩ ቁጥር ምላሴ ይደናቀፋል፤
በእንግሊዝኛው አጭር ነው፣ በኛ ግን ሥሩ ይረዝማል፦
ከተበ ማለት ጻፈ፤ ክታብም ከዚያው ነው፣
አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ በቆዳ የተሰፋው።
እና ጸሐፊው ማነው? ብራናውስ የማን ነው?
አባት ነው ወይስ አገር በልጅ ክንድ የሚጽፈው?
ይሄ አልተጠየቀም። ዋጥኩት።

«እኔ» አልኩ፣ በዶሪን፣
«ከልጅዎ ክፍል ደሙ የታመመ ልጅ አለ።
ስሙን መናገር አልችልም። መከተብ አይችልም እሱ፤
ያለው አጥር የጓደኞቹ ክንድ ነው፣ የነሱ።»

«እኔ» አልኩ፣ በንጋቱ፣ ድምፄም ሳላውቀው ጨመረ፣
«ልጄን አጥር አታድርጓት! ለምኑኝ።
ስለዚያ ልጅ ብላችሁ ብትለምኑኝ ኖሮ
እኔው ራሴ አዝያት በመጣሁ ነበር ድሮ።
እናንተ ግን የላካችሁልኝ ቀነ ገደብ ነው።»

በዚህ መሃል ታናሼ መጣ፣ ደምሰው፣
በአምስት ዓመቱ ኩፍኝ ዓይኑን ያፈሰሰው፤
ግድግዳ እየዳሰሰ፣ ጥፍሩ ኖራ እንደሞላ።
ሦስተኛው «እኔ» ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
ማይኩን ዘጋሁ። ሳልኩ። ከፈትኩ።

አባት ድምፁን ዝቅ አደረገ፦
«እህቴ፣ አንቺ ብትሆኚስ?»
ለኔ ነበር። በአማርኛ፣ በ«እህቴ» የተጠቀለለ።
ግን ደንብ ነው፣ ይሻገራል የተባለ ሁሉ፤
አሻገርኩት።
ዶሪን ለሷ መሰላት።

የወረቀቱ ኮሽታ ቆመ።
ከዚያ ከቢሮ ያልሆነ ድምፅ፣ ቀጭን፤
እኔም ልጅ ሳልወልድ በአፌ ወለድኩት፦
«ወንድ ልጅ አለኝ፣ ሃያ አራት ዓመቱ።
በዚያ በወረርሽኙ ክረምት ‹ተከተብ፣
አለዚያ ከቤቴ ውጣ› አልኩት።
ወጣ።
ልክ ነበርኩ። ዛሬም ልክ ነኝ።
አይደውልልኝም።»

ሞተሩ ጠፋ።
መኪና ሲያልፍ ሰማሁ፣ ደግሞ ሌላ፣
ያው በረዶ የቀላቀለ ውሃ ሲረጭ።

«ቅዳሜ ክፍት ናችሁ?» አለ ንጋቱ።
«እስከ ቀትር።»
«እንግዲያው ሁለቱንም ቅጽ ላኩልኝ፣
የፈቃዱን፣ የእምቢታውንም።
ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። ልያቸው።»

መስመሩ ተዘጋ። «ሠላሳ አንድ ደቂቃ»
ብዬ መዝገቤ ላይ ከተብኩ።
የትኛውን እንደፈረመ አይነገረኝም።

ቀጣዩ ጥሪ ከባንክ ነበር፦
«እኔ» አልኩ፣ «ካርዴ ጠፍቶብኛል።»